የሽቪድኒክ የምሽት ሽርሽር

የሽቪድኒክ የምሽት ሽርሽር በምሥራቅ ፖላንድ፣ በሉብሊን አቅራቢያ የምትገኘው የሽቪድኒክ ከተማ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1982 መጀመሪያ ላይ በወታደራዊው አገዛዝ ላይ ያካሄደው ሰላማዊ ተቃውሞ ነው። ነዋሪዎቹ ያደረጉት ነገር ቢኖር የመንግሥት ቴሌቪዥን ዜና በሚያሰማበት ሰዓት ከቤት ወጥተው በእግር መንሸራሸር ብቻ ነበር።

ሽቪድኒክ የሄሊኮፕተር ፋብሪካ ከተማ ናት፤ እምቢ ማለትም አዲሷ አልነበረም። በጁላይ 1980 በፋብሪካው ምግብ ቤት የአንድ ቁራጭ ጥብስ ዋጋ ከ10.20 ወደ 18.10 ዝሎቲ ሲያሻቅብ ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ፤ አድማው ወደ ሉብሊንና አካባቢው ተዛመተ። በወሩ ግዳንስክ ላይ ከተነሣው አድማ ደግሞ ሶሊዳርኖሽች የተባለው ነጻ የሠራተኞች ማኅበር ተወለደ። ጄኔራል ቮይቼክ ያሩዜልስኪ ዲሴምበር 13 ቀን 1981 ወታደራዊ ሕግ ሲያውጁ ማኅበሩ ታገደ፤ ብዙ መሪዎቹ ታሰሩ፤ አድማና ሰልፍ ተከለከለ። የቴሌቪዥን ዜና አንባቢዎች ሳይቀሩ የወታደር ልብስ ለብሰው ይቀርቡ ጀመር።

ሽርሽሩ የተጀመረው ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1982 ነው። ከምሽቱ 1፡30 ላይ ዋናው ዜና ሲጀምር ሰዉ ካፖርቱን ደርቦ፣ ልጆቹን ይዞ ወደ ጎዳናው ወጣ። እየተጨዋወተ ወዲያ ወዲህ ተመላለሰ፤ ዜናው ሲያበቃም ወደየቤቱ ገባ። መፈክር የለም፣ ባንዲራ የለም፣ ተናጋሪም የለም። አንዳንዱ ከመውጣቱ በፊት ቴሌቪዥኑን መስኮት ላይ አስቀምጦ ፊቱን ወደ ደጅ ያዞረዋል፤ ባለ ማዕረጉ ዜና አንባቢ ጀርባ ለሰጡት መንገደኞች ሲያነብ ያመሻል። ቴሌቪዥኑን በሕፃን ጋሪ ጭኖ አብሮ ያንሸራሸረም ነበር።

የተቃውሞው ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ነው። በእግር መሄድን የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ ፖሊስ ጋሪ የምትገፋን እናት በምን ወንጀል ይከሳታል? ከዚያም በላይ፣ እቤቱ ተቀምጦ የከፋው እሱ ብቻ ይመስለው የነበረ ሰው ጎረቤቱን፣ የፋብሪካ ባልደረባውንና የልጁን አስተማሪ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ መንገድ ላይ አገኛቸው። ፍርሃት የሚኖረው ሰው ብቻውን ነኝ ብሎ ሲያምን ነውና፣ ይህ መተያየት ከማንኛውም በራሪ ወረቀት የበለጠ ሠርቷል።

ባለሥልጣናቱ የሰዓት እላፊውን መጀመሪያ ወደ ምሽቱ 1 ሰዓት አመጡት። በዚህም ዜናቸውን ላለማየት የወጣውን ሕዝብ ቤቱ ለመቆለፍ መገደዳቸውን ራሳቸው አሳዩ። ነዋሪዎቹም ሽርሽራቸውን ወደ 11 ሰዓቱ የዜና እወጃ አዛወሩት። ልማዱ ወደ ሉብሊንና ወደ ሌሎች ከተሞችም ተሻገረ፤ ወታደራዊው ሕግ ግን እስከ ጁላይ 22 ቀን 1983 ድረስ ሙሉ በሙሉ አልተነሣም።