የተሸነፈው የት ያድራል?

በ1997ቱ የምርጫ ሰሞን እብናት ነበርኩ። አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ሦስት ሰዎች «ማን ያሸንፋል?» በሚል ቢራ አስይዘው ይከራከራሉ። ጥግ ይዘው ሲያዳምጡ የቆዩ አንድ ሽማግሌ ብድግ ሲሉ፣ «የተሸነፈውስ የት ያድራል?» አሉ። መልስ የሰጣቸው የለም።

ጥያቄውን ይዤ ደብረ ታቦር ገባሁ። ይህች ከተማ እኮ የግምት መቀበሪያ ናት! በ1834 ዓ.ም. የሰሜንና የትግራይ ገዥው ደጃዝማች ውቤ፣ አቡነ ሰላማን ከጎናቸው አሰልፈው፣ ከጎጃሙ ብሩ ጎሹ ጋር አብረው፣ ራስ አሊን እዚሁ ገጠሙ። ድል ቀናቸው፤ አሊ ሸሹ። በቃ፣ አለቀ ተባለ። ውቤም ለድል ግብዣ ድንኳናቸው ውስጥ ተቀመጡ። ታዲያ የአሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው አሸናፊውን ማረኩና ሥልጣኑ ለሸሹት ተመለሰ። ሳይገድሉ ጎፈሬ ማለት ይኼ ነው።

ውቤ ተፈትተው ሰሜን ገቡ፤ ደረስጌ ማርያምንም አሠሩ፤ ሊነግሡባት ነው ተባለ። ያኔ በ1834 ቆሞ የሚገምት ሰው፣ ካሳ ኃይሉ የሚባለውን የቋራ ሽፍታ ከቁም ነገር አይቆጥርም ነበር። ካሳ ግን ሰኔ 1845 አይሻል ላይ አሊን፣ የካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ውቤን ድል ነሣ። ውቤ ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን፣ በዚያው በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀባ። ስሙንም ቴዎድሮስ አለ። ሌላው ሰው የፍካሬ ኢየሱስን ትንቢት ሲጠብቅ፣ እሱ ስሙን ለበሰው። ውቤስ? እስረኛ።

አሜሪካኖችም በ1800 እ.ኤ.አ. ምርጫ ተቧድነው በጋዜጣ ተሰዳድበዋል። ጀፈርሰንና የገዛ ፓርቲው ሰው አሮን በር 73 ለ73 እኩል ወጡ፤ ምክር ቤቱ የለየው በ36ኛው ዙር ነው። ተሸናፊው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ በዓለ ሲመቱን አላይም ብሎ ጎሕ ሳይቀድ በሠረገላ ወጣ። አኩርፏል! የሄደው ግን ወደ ገዛ ቤቱ ነው። በ1812 ከጀፈርሰን ጋር ታርቆ፣ በ1826 ሁለቱም በአንድ ቀን እስኪሞቱ ደብዳቤ ተጻጻፉ።

ጥቅምት 1998 የተቃዋሚ መሪዎች ወደ እስር ቤት ሲጋዙ የእብናቱ ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። የበረንዳውን ቢራ ማን እንደከፈለ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።