ከገበሬ ደጅ የተማረች፦ ቪዮሌታ ፓራ

ስለ ሕዝብ መናገርና ከሕዝብ መማር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቺሊዋ የዜማ ደራሲና የሕዝብ ሙዚቃ ተመራማሪ የቪዮሌታ ፓራ ሕይወት ይህን ልዩነት አጉልቶ ያሳየናል።

ቪዮሌታ እ.ኤ.አ. በ1917 በቺሊ ገጠር፣ በኙብሌ ተወለደች። አባቷ የሙዚቃ መምህር፣ እናቷ ከገበሬ ቤተሰብ የወጡ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አባቷ በልጅነቷ ስለ ሞቱ እየዘፈነች እንጀራዋን መፈለግ ግድ ሆነባት። በኋላ በሳንቲያጎ መጠጥ ቤቶች ዘፈነች።

በዚያ ዘመን በከተማው መድረክ የነገሠው የባለርስት ልብስ ለብሶ የገጠሩን ውበት ብቻ የሚያወድስ ዘፈን ነበር። የጭሰኛው ረሃብና ሐዘን ከዚያ ውስጥ አልነበረም። ቪዮሌታ በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በወንድሟ በባለቅኔው ኒካኖር ግፊት፣ ጊታሯን ይዛ ወደ ገጠር ወጣች። የሙዚቃ ዲግሪ አልነበራትም። ዶን ኢሳያስ አንጉሎ የተባሉ የገጠር ዘፋኝ ባለ 25 ክሩን ጊታሮን አስተማሯት። አዋላጇ ዶኛ ሮሳ ሎርካ ደግሞ የሞተ ሕፃን እንደ መልአክ ተጊጦ በዜማ የሚሸኝበትን ሥርዓት ነገሯት። እርሷም ከዜማው ጋር የባለቤቱን ስም መዘገበች። በእርሷ ዘንድ ገበሬው ስም የለሽ ብዙኃን ሳይሆን መምህር ነበር። ከዚህም ትምህርት የራሷን አዲስ ድርሰት አፈለቀች፤ ኩዌካ የተባለውን የሕዝብ ጭፈራ አፍርሳ እንደገና የገነባችባቸው "አንቲኩዌካስ" የተሰኙት የጊታር ሥራዎቿ ምስክሮች ናቸው።

በ1965 ከአውሮፓ ተመልሳ በሳንቲያጎ ዳርቻ ለሕዝብ ጥበብ ድንኳን ተከለች። የመጣላት ሰው ግን ጥቂት ነበር። በ1967 ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች።

በዚያው በ1965 የአዲስ አበባ ተማሪዎች "መሬት ለአራሹ" ብለው አደባባይ ወጡ። ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ነበር፤ በ1975 የወጣው የመሬት አዋጅም ያለ እርሱ አይታሰብም። እኛ የዚያ ንቅናቄ ወራሾች ግን ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባል። ስለ አራሹ ብዙ ጽፈናል። በደቦ ላይ የሚዘፍነውን፣ በለቅሶ ላይ ሙሾ የምታወርደውን ስማቸውን ጠይቀን መዝግበናልን?

የጥንት ነገሥታት እንኳ "እረኛ ምን አለ?" ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። እነርሱ የጠየቁት ዙፋናቸውን ለመጠበቅ ነው። እኛ ለመማር እንጠይቅ፤ ስንጽፍም የእረኛውን ስም አንርሳ።