ቤንድ፦ ከእስራት ወደ ጉብጠት

የእንግሊዝኛው «ቤንድ» ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ በር ያንኳኳል። ሰው ከሆነ ይጎነበሳል፤ ጀርባ ከሆነ ይጎብጣል፤ ወረቀትና መንገድ ይታጠፋሉ፤ ብረት ይቆለመማል፤ ግድግዳ ይዘምማል። እኛ ለእያንዳንዱ የየራሱን ግሥ ስንሰጥ እንግሊዝኛው ሁሉንም በአንድ ቃል ይጠቀልላቸዋል። ትርጉም በሠራሁ ቁጥር ይህ ቃል ብዕሬን ያስቆመዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን የቃሉ ስፋት ሳይሆን አመጣጡ ነው፤ «ቤንድ» ሲወለድ ትርጉሙ መጉበጥ አልነበረምና።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ቤንዳን» ማለት ማሰር ነበር፤ ስሙ «ቤንድ»ም እስራት፣ ማሰሪያ ማለት ነበር። «ባይንድ»፣ «ባንድ»፣ «ቦንድ» የተባሉት የማሰርና የማሰሪያ ቃላት ሁሉ የዚሁ ቤት ልጆች ናቸው። ዘሩም ሩቅ ይሄዳል። ሳንስክሪት ማሰርን የሚጠራው በዚሁ ሥር ሲሆን፣ ዛሬ ወጣቶች በራሳቸው ላይ የሚያስሩት «ባንዳና» በሕንድ በኩል የመጣ የሥጋ ዘመዱ ነው።

ታዲያ እስራት እንዴት ጉብጠት ሆነ? መልሱ ያለው ቀስት ላይ ነው። የጥንቱ ቀስተኛ ገመዱን ዘወትር በቀስቱ ላይ ወጥሮ አይተወውም፤ እንጨቱ ይደክማልና። ሥራ በሌለ ጊዜ ቀስቱ ያለ ገመድ ይቀመጣል። የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የጦር መርከብ «ሜሪ ሮዝ» እ.ኤ.አ. በ1545 ሰጥማ አካሏ በ1982 ከባሕር ወጥቷል፤ ከስብርባሪዋ መካከል ከ130 በላይ ሙሉ ቀስቶች ተገኝተዋል። ሁለት ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ናቸው፤ ለሚያያቸው ግን በትር እንጂ ቀስት አይመስሉም። በትሩ ቀስት የሚሆነው ቀስተኛው እንጨቱን በጉልበት ተጭኖ ገመዱን ከሁለቱ ጫፎች ጋር ሲያስረው ነው። «ቤንዳን» የተባለው ይህ ማሰር ነበር። እጅ የሚሠራው ማሰርን ነው፤ ዓይን የሚያየው ግን የእንጨቱን መጉበጥ ነው። ቃሉ ቀስ በቀስ ከእጅ ወደ ዓይን ተሻገረ። በ14ኛው መቶ ዘመን ቀስትም ገመድም በሌለበት፣ ማንኛውም የጎበጠ ነገር «ቤንድ» ይባል ጀመር።

ጥጥ ሲነደፍ ያየ አንባቢ ይህን ለመረዳት እንግሊዝ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ደጋን ጅማቱ ካልተወጠረበት ምንድን ነው? የማገዶ እንጨት ነው። እኛም የጎበጠውን ሁሉ «ደጋናማ» ማለታችን የጉብጠትን ስም ከዚያው ዕቃ መዋሳችን ነው።

እንግሊዝኛ ከዚያ በፊት ለመጉበጥ የሚሆን ቃል አጥቶ አልነበረም። «ቡጋን» የሚባል ነበረው፤ ዛሬ «ባው» ሆኖ በአብዛኛው እጅ ለመንሣትና ራስን ዝቅ ለማድረግ ያገለግላል። ከዚሁ ሥር የወጣው «በክሰም» ደግሞ ታዛዥ ማለት ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን እንግሊዛዊት ሙሽራ በክሰም ልትሆን በቤተ ክርስቲያን ቃል ትገባ ነበር። ዛሬ ቃሉ ጡተ ሙሉና ደልደል ያለች ሴት የሚሞገስበት ሆኗል። ታዛዥነቱ የት እንደ ገባ እንጃ!

የ«ቤንድ» የጥንት ትርጉም ግን ፈጽሞ አልሞተም። መርከበኞች ጠብቀውታል። በእነርሱ ቋንቋ ሸራን «ቤንድ» ማድረግ ሸራውን ከተሸካሚው እንጨት ጋር ማሰር ነው እንጂ ማጠፍ አይደለም። ሁለት ገመድ የሚያገናኙበትንም ቋጠሮ «ሺት ቤንድ» ይሉታል። ይህን የማያውቅ ተርጓሚ የባሕር ታሪክ ሲያጋጥመው ሸራውን አጣጥፎ ያስቀምጠዋል፤ መርከቧም ያለ ሸራ ትቀራለች።

ከሁሉ የሚያስደስተኝ ተቃራኒው «አንቤንድ» ነው። ኮስታራ ሰው ከወዳጆቹ ጋር ተቀምጦ ፊቱ ሲበራ፣ ጨዋታ ሲጀምር፣ እንግሊዞች አንቤንድ አደረገ ይላሉ። ላይ ላዩን ላየው «ቀና አለ» ወይም «ተቃና» ተብሎ የሚተረጎም ይመስላል። ነገር ግን ቃሉ መጀመሪያ የተነገረው ስለ ቀስት ነው፤ የተወጠረውን ገመድ ፈትቶ እንጨቱን ማሳረፍ ማለት ነበር። እኛስ እንዲህ ያለውን ሰው ምን እንለዋለን? ውጥር ብሎ ሰንብቶ ዛሬ ፈታ አለ።