የአካባቢ ትምህርት በጣና ዳር፤ አመጣጡና ጕድለቱ

የአካባቢ ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን እንዴት እንደ ገባ ለመመርመር የጣና ዳርቻ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ትምህርቱ ከትምህርት ቤቱ የቀደመ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በዘጌ ባሕረ ገብ ምድር በበሬ ማረስ በልማድ ክልክል ነበር፤ የአገሩም ትውፊት ሥርዓቱን ከአቡነ በትረ ማርያም ያደርሰዋል። ሕዝቡ በዛፍ ጥላ ሥር ቡናና ጌሾ እያለማ ስለ ኖረ ደኑ ሊቈይ ቻለ። ሕጉን ልጅ ከአባቱ ጋር ሲሠራ ይማረው ነበር እንጂ በፈተና አይጠየቅም ነበር።

ዘመናዊው ትምህርት ግን ሌላ ዓላማ ይዞ መጣ። በባሕር ዳር በ1963 የፖሊቴክኒክ ተቋም፣ በ1972 ደግሞ መምህራንን የሚያሠለጥን አካዳሚ ተመሠረተ፤ ሁለቱም በ2000 ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። አገሪቱ በጊዜው የፈለገችው የእጅ ባለሙያና አስተማሪ ስለ ነበረ፣ ሐይቁን መጠበቅ የእነዚህ ተቋሞች የመጀመሪያ ተግባር አልነበረም።

የአካባቢ ትምህርት በዓለም መድረክ ጎልቶ የታየው ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ1977 በትብሊሲ በጠሩት ጉባኤ ነው። ጉባኤውም ትምህርቱ በልዩ ልዩ የትምህርት ዘርፎች ትብብር እንዲሰጥ መከረ። ኢትዮጵያም በ1997 ባወጣችው የአካባቢ ፖሊሲ፣ ትምህርቱ ራሱን የቻለ ተጨማሪ የትምህርት ዓይነት ሳይሆን በነባሮቹ ውስጥ እንዲዋሐድ ወሰነች።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ የሁሉም የተባለ ሥራ የማንም ሳይሆን አይቀርምን? እኔ በሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ የአማዞንን ደን በጂኦግራፊ አጥንቻለሁ፤ ከዚያው ከደቡብ አሜሪካ መጥቶ ጣናን የወረረውን እምቦጭ ግን ከመጽሐፍም ከአስተማሪም አልሰማሁም።

እምቦጭ በጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው በ2011 ነው። አረሙን ለመረዳት ባዮሎጂ ብቻ አይበቃም። በመገጭ፣ በርብና በጉማራ ወንዞች ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ይመግበዋል፤ ይህ የጂኦግራፊና የኬሚስትሪ ጉዳይ ነው። ዓሣ አጥማጁ መረቡን መጣል ሲሳነው፣ ገበሬውም እርሻውን ትቶ አረም ሲነቅል ሲውል ደግሞ የኢኮኖሚክስ ጉዳይ ይሆናል።

ስለዚህ ትምህርቱን ማዋሐዱ ስሕተት አልነበረም። የጐደለው ኃላፊና ቀን ነው። በየትምህርት ቤቱ አንድ አስተማሪ ኃላፊ ሆኖ ቢመደብ፣ ተማሪዎችም በየመንፈቁ አንድ ቀን ወደ ዳርቻው ወርደው የውሃውን ጥራትና የአረሙን ስፋት ቢመዘግቡ፣ መዝገቡም ለሚቀጥለው ክፍል ቢተላለፍ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። የዘጌ ልጅ ደኑን የተማረው በደኑ ውስጥ ነበር፤ እኛም ሐይቁን ከሐይቁ ዳር ብንማር ከአባቶቻችን ዘዴ የራቀ አዲስ ነገር አይሆንም።