ተርኪው፣ በርበሬውና የድሬዳዋ ድስት

ባለፈው ኅዳር፣ ጾመ ነቢያት በገባ ሰሞን፣ የማኅበራችን የምግብ ዝግጅት ቡድን ከዚያ በፊት ደርሶት የማያውቅ ትእዛዝ ደረሰው። ከአሜሪካ ለዘመድ ጥየቃ የመጡ ቤተሰቦች ከአዲስ አበባ በበረዶ አሽገው ያመጡትን ተርኪ አስረከቡንና «የተጠበሰ አንፈልግም፤ እንደ ዶሮ ወጥ አድርጋችሁ ሥሩልን» አሉን። ተመዘነ፤ ስምንት ኪሎ ሆነ።

የመጀመሪያው ችግር ማን ይቀምሰው የሚለው ነበር። ሙስሊም አባሎቻችን ማን እንደባረከው ያልታወቀ ሥጋ አይቀምሱም። ኦርቶዶክሶቹ ጾም ላይ ነን። በማኅበራችን ለሁለቱም ወገን የተለያየ ድስትና ማማሰያ ከተለየ ቆይቷል፤ ለቅምሻ ግን መፍትሔ አልነበረንም። በመጨረሻ አንዲት የፕሮቴስታንት አባላችን ከሥራዋ ተጠርታ በባጃጅ መጣችና ጨው አየችልን። ይህን የምንጽፈው ለቀልድ ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ ውስጥ ለሰው ማብሰል ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ሁለተኛውን ችግር የፈጠርነው እኛ የሂሳብ ክፍሎቹ ነን። ዋጋውን ስናቀርብ «ሥጋው የእነሱ ነው፤ የሽንኩርት፣ የቅቤና የከሰል ብቻ እናስከፍል» ብለን አሰብን። ሥራው ሲያልቅ አሥር ኪሎ ሽንኩርትና አንድ ማዳበሪያ ከሰል ሄዷል። አራት ሴቶች ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ቆመዋል። ይህ ሠላሳ ስድስት የሥራ ሰዓት ነው። በመዝገባችን ላይ ግን ሰዓት የሚባል መደብ ስላልነበረ ቡድኑ ለድካሙ ያገኘው ምስጋናና አንድ ሳህን ወጥ ሆነ፤ ሳህኑንም ማን እንደበላው ከላይ ከተጻፈው መገመት ይቻላል። ከአራቱ ሁለቱ «ከእንግዲህ ለድግስ አትጥሩን» ብለው ሄዱ።

ቅሬታው ሳይበርድ አንድ ጥያቄ ተነሣ፦ ይህ ወፍ ከየት መጣ? መልሱ ከጠበቅነው በላይ ወሰደን።

ተርኪ የቱርክ አይደለም። መነሻው ሜክሲኮ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ካላመዱት ሁለት ሺህ ዓመት አልፎታል። እስፓኞች በ1500ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ወደ አውሮፓ ወሰዱት፤ ከዚያ በኋላ ስሙን በተመለከተ የተስማማ የለም። እንግሊዞች «የቱርክ» አሉት። ቱርኮች ራሳቸው «ሂንዲ» ይሉታል፤ የሕንድ ማለት ነው። ፈረንሳዮችም «ዳንድ» ሲሉ «የሕንድ ዶሮ» ማለታቸው ነው። ግብፆች «ዲክ ሩሚ»፣ የሮም አውራ ዶሮ አሉት። ፖርቱጋሎች ደግሞ «ፔሩ» ብለው የሌላ አገር ስም ሰጡት። ሁሉም ከሌላ ቦታ የመጣ እንግዳ መሆኑን አውቋል፤ ከየት እንደመጣ ግን ትክክሉን የተናገረ የለም። ሰው ሁሉ ከሌላ ቦታ በመጣበት ከተማ ለምንኖር ለእኛ ነገሩ አዲስ አይደለም።

ይበልጥ የገረመን ሌላ ነው። ከዚያው ከሜክሲኮ ምድር ሌላም ነገር ወጥቷል፤ እሱም ቃሪያ ነው፤ ሲደርቅ በርበሬያችን። በርበሬ የአሜሪካ አህጉር ተክል ስለሆነ ከ1500ዎቹ በፊት አያቶቻችን ሊያውቁት አይችሉም ነበር። ከዚያ በፊት የወጡን ሙቀት የሚሰጡት ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝ፣ ዝንጅብልና የራሳችን ኮረሪማ ነበሩ። ስለዚህ ቀዩ ዶሮ ወጥ፣ «ከጥንት ከአባቶቻችን» የምንለው፣ ቢበዛ የአምስት መቶ ዓመት ዕድሜ አለው። ዶሮዋ ግን የእውነት ጥንታዊት ናት፤ በትግራይ መዝብር በተባለ ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 400 ዓመት ባለው ጊዜ የነበሩ የዶሮ አጥንቶች ተገኝተዋል።

እስፓኞች ሜክሲኮ ሲደርሱ ሕዝቡ ተርኪውን እንዴት ይበላው ነበር? በርናርዲኖ ደ ሳሃጉን የተባለ መነኩሴ በዚያው ዘመን የአዝቴኮችን ምግብ እያስጠየቀ ጽፏል፤ ከዘረዘራቸውም መካከል በቀይ በርበሬ መረቅ የተሠራ ተርኪ ይገኛል። እንግዶቻችን «እንደ ዶሮ ወጥ» ሲሉን እንግዳ ነገር የጠየቁ መስሎን ነበር። ለካ ወፉንና በርበሬውን፣ ሁለቱን የአንድ አገር ሰዎች፣ ደቻቱ ዳር በአንድ ድስት አገናኝተናል።

የእኛን ከተማ ድስት ታሪክ ደግሞ ባቡሩ ይጀምረዋል። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለከበደው ከተራራው ግርጌ በሜዳው አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከተማዋ ተቆረቆረች፤ በመጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ባቡሩ ሌሊት አይሄድም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። በየምሽቱ የተራበ ሰው ከለገሃር ይወርዳል ማለት ነው። ባቡሩም በሰዓቱ የሚመጣ አልነበረም። ሲዘገይ የማይበላሽ፣ ሲደርስ የሚሞቅ ምግብ ያስፈልጋል፤ ጥብስ ለዚህ አይሆንም፤ ወጥና መረቅ ነው የሚሆነው።

በከዚራ የፈረንሳይ፣ የግሪክ፣ የአርመንና የጣሊያን ሰዎች ሰፈሩ። ከደቻቱ ማዶ መጋላ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡና ሕንዱ ነገደ። ከፊራ ገበያ ዛሬም ሲኬድ የሁሉም ድስት ይሸታል፤ የሐረሪ ሁልበት መረቅ፣ የየመን ሐኒድ፣ የግመል ሥጋ፣ የክርስቲያኑ ቀይ ወጥ። ሁሉም በቀስታ የሚበስሉ ናቸው። የባቡሩ ኩባንያ ስለ ሐዲዱ፣ ስለ ድልድዩና ስለ ጭነቱ ብዙ ወረቀት ጽፏል፤ መንገደኛውን እያበላች ያሳደረችው ሴት ስንት ሰዓት እሳት ዳር እንደቆመች ግን የሚናገር ሰነድ አንድም አላየንም። የእኛ መዝገብም ያንኑ መድገሙ አሳፍሮናል።

የዶሮዋን ታሪክ ለመጨረስ ያህል፦ በ1940ዎቹ ከኦክላሆማ መምህራን ጋር የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዋይት ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድን የመሳሰሉ ዝርያዎች ወደ አገራችን ከገቡባቸው በሮች አንዱ ነው። «የፈረንጅ ዶሮ» የምንላት እሷ ናት። የሐበሻዋ ዶሮ ትንሽና ጠንካራ ስለሆነች ረጅም እሳት ትችላለች፤ የፈረንጇ ቶሎ ትፈርሳለች። ተርኪው ከሁለቱም ይለያል፤ እግሩ ከሐበሻዋ ይጠነክራል፣ ደረቱ ከፈረንጇ ቀድሞ ይደርቃል።

ይህን የተማርነው በሥራው ላይ ነው። ከአባሎቻችን በዕድሜ የምትበልጠው፣ ሁላችንም አዴ የምንላት፣ ሥጋውን ስታየው «ይሄ በግ ነው እንጂ ዶሮ አይደለም» አለች። በሎሚና በጨው ታጥቦ ወጣ። የለመድነው አሥራ ሁለት ብልት ስላልበቃው እያንዳንዱን ጭን ሦስት ቦታ ከፈልነው። በእግሩ ውስጥ ያሉት ጅማቶች እንደ ሽቦ ናቸው፤ ካልተመዘዙ አይበሉም። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ጠብ ጠብ እያለ በሚጨመር ውሃ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቁላላ። ከዚያ ቅቤው፣ በርበሬው። አዴ ቁሌቱ ድስቱን እየለቀቀ እስኪመጣ ድረስ ሥጋ አታስገባም። እግርና ጭን ቀድመው ገቡና ሁለት ሰዓት ያህል በዝግታ ተንተከተኩ፤ ደረቱ የገባው በመጨረሻዎቹ አርባ ደቂቃዎች ነው። መከለሻና የተቀቀለ እንቁላል ተከተለ።

ከአዲስ አበባ የመጣችው እንግዳ «እኛ ጋ ከዚህም ይቆያል» ስትለን አላመንናትም ነበር፤ ግን ልክ ናት። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ በ96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን በ92 ገደማ። እዚህ ድስቱ ቶሎ ያበስላል። ሙቀታችን ደግሞ የሰጠንን ይወስዳል፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ወጥ ጠዋትና ማታ ካልሞቀ ያድርና ይኮመጥጣል፤ ያ ደግሞ ሌላ ከሰል ነው።

ስለ ሽንኩርቱም አንድ ነገር እንበል። ለረጅም ጊዜ ከተማችን አትክልቷን ከሐረማያና ከአካባቢው ደጋ ስትቀበል ኖራለች። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ፤ ከዓመታት በኋላ በከፊል ቢመለስም። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ፣ በ1998 ክረምት፣ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ላይ ያለው ሐይቅ ደርቆ ታች ያለው ደረቅ ወንዝ ጎርፍ ሆነ። ከአባሎቻችን መካከል በዚያ ሌሊት ድስታቸውንና ምጣዳቸውን ጭምር ያጡ አሉ፤ ማኅበሩም ለአንዳንዶቹ መጀመሪያ የሰጠው ብድር የድስት መግዣ ነበር። በመዝገቡ ላይ «የቤት ዕቃ» ተብሎ ተጽፏል። «የሥራ መሣሪያ» ተብሎ መጻፍ ነበረበት ብለን አሁን እናምናለን፤ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ የሥራ መሣሪያ ያላት ሴት ደመወዝ ይታሰብላታልና።

ባለፈው ወር ስብሰባ ላይ ይህን ሁሉ አቀረብን። የሄዱት ሁለቱ አባሎች መጥተው ነበር። አንዷ «የሜክሲኮውን ተዉትና የእኔን ዘጠኝ ሰዓት ንገሩኝ» አለች። እውነት አላት። ክርክሩ ቀላል አልነበረም፤ ሰዓት ከታሰበ ዋጋችን ይወደድና ሥራው ወደ ሆቴሎች ይሄዳል ያሉ ነበሩ፤ ከሰሉን በተሻለ ምድጃ ቀንሰን ለሰዓቱ እንክፈል ያሉም ነበሩ። በድምፅ ብልጫ የሁለተኞቹ ሐሳብ አለፈ።

ለጥር ሠርግ የላክነው የዋጋ ማቅረቢያ ላይ ከሽንኩርት፣ ከቅቤና ከከሰል ቀጥሎ «የሥራ ሰዓት፦ 54» የሚል መስመር አለ። ደንበኛው ሁለት ጊዜ ደውሎ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቋል። አስረድተናል። እስከዚህ ጽሑፍ ድረስ አልፈረመም። ከሁለቱ አንዷ ግን ስሟን ለሠርጉ አስመዝግባለች።