የተጣለው ደምና የሚፈለገው መቅኔ

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1996 የእስራኤሉ መዓሪቭ ጋዜጣ ከኢትዮጵያ የመጡት ቤተ እስራኤል የለገሱት ደም ለዓመታት በድብቅ ሲጣል መኖሩን አጋለጠ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ኢየሩሳሌም ወጥተው ተቃወሙ። ቤተ እስራኤል በሚኖሩባቸው በያቭነ፣ በገደራና በቂርያት ማላኪ ይህ ታሪክ የክብር ጥያቄ ሆኖ ይነገራል። የሕክምና ታሪክም ነው፤ ይልቁንም መቅኔ ለሚተከልላቸው ሕፃናት።

መቅኔ ከደም ይልቅ በዘር ሐረግ ይመርጣል። ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከ4 አንድ ነው፤ ከቤት ሲጠፋ የለጋሾች መዝገብ ይፈተሻል፣ የሚገጥመውም አብዛኛውን ጊዜ የትውልድ ምንጩ የሚቀርብ ሰው ነው። በ2014 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አውሮፓዊ ዝርያ ላለው ነጭ ሕመምተኛ በመዝገብ ሙሉ ግጥም የማግኘት ዕድል 75 በመቶ፣ ለጥቁር አሜሪካዊ 19 በመቶ ያህል መሆኑን አሳይቷል። ቤተ እስራኤል በእስራኤል ከ160 ሺህ ብዙም አይርቅም፤ ለልጆቹ የሚፈለገው መቅኔ ያለውም በአብዛኛው በዚያው ማኅበረሰብ ውስጥ ነው። ግጥሙ ሲጎድል የለጋሹ ሕዋሳት ልጁን እንደ ባዕድ ያጠቃሉ፤ የደም ሥሮች የውስጥ ሽፋንም ይቆስላል። የጉበት ቀጫጭን ሥሮች ሲዘጉ ጉበት ያብጣል፣ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል። ጉዳቱ ኩላሊት ላይ ሲወድቅ የደም ግፊት ይንራል፣ በጠበቡት ሥሮች የሚያልፉ ቀይ ሕዋሳት ይሰባበራሉ።

ሥሮቹን በዋናነት የሚጎዳው ከንቅለ ተከላው በፊት የሚሰጠው እንደ ቡሱልፋን ያለ ብርቱ የዝግጅት መድኃኒት ነው የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሙሉ በሙሉ የገጠመለትም ልጅ ይታመማል። የግጥም ጉድለት ግን በዚያ ላይ የሚጨመር አደጋ ነው። ዛሬ ከወላጅ በግማሽ የሚገጥም መቅኔ መስጠት መቻሉም ትልቅ እፎይታ ነው፤ ቢሆንም ሐኪም የወላጁን ግማሽ ግጥምና የመዝገቡን ሙሉ ግጥም ሁለቱንም ይዞ ቢመርጥ ይሻላል። ለደሙ መጣል ምክንያት የተደረገው ኤችአይቪም እውነተኛ ስጋት ነበር። ስጋቱ ግን መመርመርን እንጂ ለጋሹን አመስግኖ ደሙን መጣልን አያዝም።

በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የተመራ ኮሚሽን የደሙን መጣል ቢመረምርም በቤተ እስራኤል የደም ልገሳ ላይ የነበረው ገደብ አልጠፋም፤ በ3 ዓመቷ እስራኤል የገባችው የእስራኤል ምክር ቤት (ክነሴት) አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ በ2013 እዚያው ክነሴት ውስጥ ደም እንዳትሰጥ ተከለከለች። ገደቡን ለማንሳት የተወሰነው በ2017 ገደማ ነው። የመቅኔ መዝገብ በአፍ ናሙና ስለሚጀመር የደሙ ክልከላ አይነካውም ሊባል ይችላል፤ በወረቀት ላይ ልክ ነው። ደሙ እንደተጣለ የሰማን ሰው ግን ለማያውቀው ልጅ መቅኔህን ስጥ ማለት ከባድ ነው። መዝገቦች ደግሞ የሚመርጡት ወጣት ለጋሽ ነው፤ በ1996 ሃያ ዓመት የነበረው ዛሬ ያን ዕድሜ አልፏል።