ንቅሳትና ሕግ፦ በኤል ሳልቫዶር የወሮበሎች ጭፍራና የመንግሥት ትግል

የሰው ልጅ በገላው ላይ የሚያኖረው ምልክት በየአገሩ ልዩ ልዩ ትርጓሜ አለው። በእኛ አገር ንቅሳት በግንባርና በአንገት ላይ ሲታይ ጌጥ ወይም የሃይማኖት ምልክት ነው፤ በኤል ሳልቫዶር ግን የወሮበላ ጭፍራ መታወቂያ፣ በኋላም የወንጀል ማስረጃ እስከ መሆን ደርሷል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ መንግሥቱ ጭፍሮቹን ለማጥፋት ያደረገውን ጥረት መመርመርና ሕግ በምልክት ላይ ሲመሠረት የሚያስከትለውን ማመልከት ነው። ዓመቶቹ የተጻፉት እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ነው።

ጭፍሮቹ የተወለዱት በኤል ሳልቫዶር ምድር አይደለም። ከ1980 እስከ 1992 የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ብዙ ሕዝብ ወደ ሎስ አንጀለስ አሰደደ፤ ከስደተኞቹ ልጆች አንዳንዶቹ ቀድሞ ወደ ነበረው ወደ «አሥራ ስምንተኛው መንገድ» ጭፍራ ገቡ፤ ሌሎቹም «ማራ ሳልቫትሩቻ» የተባለውን አቋቋሙ። ከጦርነቱ በኋላ፣ ይልቁንም በ1996 አዲሱ የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ወንጀል የተፈረደባቸው ወጣቶች በብዛት ወደ አገራቸው ተባረሩ። ሲመለሱም የጭፍራውን ስም፣ የእጅ ምልክትና ንቅሳት ይዘው መጡ።

በ2003 ፕሬዚዳንት ፍራንሲስኮ ፍሎሬስ «ጽኑ እጅ» የተባለውን ዘመቻ አወጁ። በዚያው ዓመት የወጣውም ሕግ ንቅሳትንና የእጅ ምልክትን የጭፍራ አባልነት ማስረጃ አደረገ። ምንም እንኳ በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሕጉን ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ነው ብሎ ቢሽረው፣ የፕሬዚዳንት አንቶኒዮ ሳካ መንግሥት የባሰ ጽኑ ዘመቻ አስከተለ።

ከዚህ ሁለት ነገር ተገኘ። አንደኛ፣ ጭፍሮቹ አዳዲስ አባሎቻቸው እንዳይነቀሱ አደረጉ፤ ስለዚህ ምልክቱ ሲጠፋ ማኅበሩ ቀረ። ሁለተኛ፣ እስረኞቹ እንዳይተላለቁ በየጭፍራቸው በተለያየ ወኅኒ ቤት ስለ ታሰሩ፣ ተበታትነው የነበሩት አለቆች በአንድ ጣራ ሥር ተገናኝተው ማዘዝ ጀመሩ። መንግሥቱ ሳያስበው መቀመጫ ሰጣቸው ማለት ነው።

ከእነዚሁ አለቆች ጋር በ2012 የዕርቅ ስምምነት ተደረገ፤ ግድያም በግማሽ ያህል ቀነሰ። ስምምነቱ ከፈረሰ በኋላ ግን በ2015 ከ6,600 በላይ ሰዎች ተገደሉ። በመጋቢት 2022 በሦስት ቀን ውስጥ 87 ሰዎች ስለ ተገደሉ፣ የፕሬዚዳንት ናዪብ ቡኬሌ መንግሥት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጣ። አዋጁ በየወሩ እየታደሰ ከ80,000 በላይ ሰዎች ታሰሩ፤ በ2023 አርባ ሺሕ እስረኛ ይይዛል የተባለ ወኅኒ ቤት ተከፈተ። በ2024 በመንግሥቱ ቍጥር መሠረት የተገደሉት 114 ብቻ ናቸው።

ይህን ውጤት መናቅ አይገባም፤ ለጭፍራ ግብር ይከፍል የነበረው ባለ ሱቅ ዛሬ በሰላም ይነግዳል። ነገር ግን መንግሥቱ ራሱ ብዙ ሺሕ ንጹሓንን አስሮ እንደ ለቀቀ ገልጿል፤ ከታሰሩትም ብዙዎቹ በንቅሳት ወይም ስሙ ባልታወቀ ሰው ጥቆማ የተያዙ ናቸው። እንግዲህ በ2003 የተነሣው ጥያቄ አልተመለሰም፤ ይኸውም ሰው የሚፈረድበት በሠራው ሥራ ነውን፣ ወይስ በገላው ላይ በሚታየው ምልክት? ጸጥታው ዘላቂ የሚሆነው ዳኞች ይህን ለእያንዳንዱ እስረኛ ለይተው የመረመሩ እንደ ሆነ ነው።